ትከሻው የተፋቀ የአያቴ የወታደር ፎቶ

ጥያቄ (የሠራተኛ ሰፈር ልጅ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከፒያሳ ቤታችን ስንለቅ ከአያቴ ሣጥን ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተገኘ። ውስጡ ሦስት ፎቶ አለ። እናቴ እንኳ አይታቸው አታውቅም።

በአንዱ አያቴ ከአንድ ረጅም ወታደር ጋር በረዶ ላይ ቆሟል። የሁለቱም ትከሻ በምላጭ ተፍቋል። ከጀርባው «ለማስታወሻ፣ ጥር 1944» ይላል። ሁለተኛው የስቱዲዮ ፎቶ ነው። ጀርባው ላይ ቻይንኛ የሚመስል ማህተም አለበት። ሦስተኛው ካርቶን ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ «1944 እኮ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው» አለኝ። ያኔ ግን አያቴ ገና ልጅ ነበር። የክብር ዘበኛ ወታደር እንደነበረ እናውቃለን፤ ስለ ጦርነት ግን ትንፍሽ ሳይል ነው ያረፈው። እናቴ 70 አልፏታል። አብሮት የቆመው ማን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ከየት ልጀምር?

መልስ (የገዳም ሰፈሯ)

ወንድሜ፣ ኮንጎ ይሆናል። ክብር ዘበኛ ብዙ ሰው ልኳል።

መልስ (የዘማች ልጅ)

እህቴ፣ ኮንጎ በረዶ ከየት ይመጣል? ጠቅል ብርጌድ ኮንጎ የዘመተው ደግሞ ከ1952 መጨረሻ ጀምሮ ነው።

የአክስትህ ልጅ የተሳሳተው በዘመን አቆጣጠሩ ነው። ጥር 1944 የእኛ ነው። ስምንት ስትደምርበት በፈረንጅ 1952 ይመጣል። ይህ ኮሪያ ነው! ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው አንደኛው ቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ ግንቦት 1943 አካባቢ ፑሳን ወደብ ደርሷል። ሁለተኛው የተተካው በ1944 መጋቢት ገደማ ነው። ስለዚህ አያትህ አንደኛው ቃኘው ናቸው ማለት ነው። የዚያን አገር ክረምት አባቴ ሲያወራው እንኳ ይበርደው ነበር።

ትከሻው ላይ የነበረውን የጦር ምልክት ማን እንደፋቀው ባላውቅም ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በደርግ ጊዜ ከኮሚኒስት ጋር መዋጋት የሚያኮራ ነገር አልነበረም። እናቴ የአባቴን ሜዳይ እህል ጎተራ ውስጥ ነበር የቀበረችው። አያትህ ዝም ያሉት ረስተውት አይመስለኝም።

መልስ (ፎቶ ቤት ያደግኩ)

ከሁሉ በፊት ፎቶዎቹን አድን። የተጣበቀውን እንዳትልጠው፤ ከነካርቶኑ አንሳው። ፕላስተር አትለጥፍበት፣ ላሚኔት አታስደርግ፣ ፌስታል ውስጥም አታስቀምጥ። ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ይበቃል። ስካን ስታደርግ ፊቱንም ጀርባውንም በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) አድርግ።

የተፋቀውን ቦታ ደግሞ እንዲህ ሞክረው። ማታ መብራት አጥፋና የስልክህን ባትሪ ከጎን፣ ከወረቀቱ እኩል ዝቅ አድርገህ አብራበት። የቀረ መስመር ካለ ጥላ ይጥላል። ቃኘዎች የተመደቡት በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበር። የክፍለ ጦሩ ምልክት ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ እንደ አሸዋ ሰዓት ሁለት ሦስት ማዕዘን ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ።

ማህተሙ ላይ ክብ ክብ ቀለበት ያላቸው ፊደላት ካሉ ኮሪያኛ ነው። ቻይንኛ የሚመስሉ የተወሳሰቡ ፊደላትና ቀለል ያሉ ጥምዝምዝ ፊደላት ከተቀላቀሉ ጃፓንኛ ነው። ወታደሮቹ ለዕረፍት ጃፓን ይወሰዱ ነበር።

ጠያቂው

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የክቡ ዳር ታየ! መሃሉ ላይ የታችኛው ሦስት ማዕዘን ግማሹ አለ። ማህተሙ ላይ ቀለበት የለም፣ ድብልቅ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ለካ እማዬ ጃፓን ጃፓን የምትለው ለዚህ ነው» ብላ አለቀሰች።

ረጅሙ ሰውዬስ? እዚያው ቀርቶ ይሆን?

መልስ (የዘማች ልጅ)

ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። ከቃኘው ግን አንድም ሰው አልተማረከም። አብዛኞቹ ተመልሰዋልና ተስፋ አትቁረጥ። የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አፍንጮ በር ነው፣ ከስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። ፎቶውን ትልቅ አድርገህ አሳትምና የአያትህን ሙሉ ስምና ማዕረግ ይዘህ ሂድ። ዘማቾቹም ልጆቻቸውም እዚያ ይገናኛሉ። በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ዛሬ ነገ አትበል። መልክ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው፤ መዝገብ ላይ የረጅሙን ሰውዬ ፊት አታገኝም።

ጠያቂው

ነገ ጠዋት እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። ፎቶውን ለማንም አልሰጥም፣ ራሴ ነው የምይዘው ብላለች። ነጠላዋን ከአሁኑ አዘጋጅታለች።