የሥራ ፈቃዱ ያለፈበት ወንድሜ ድንበር ላይ ማሳደስ ይችላልን?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን
ቶሮንቶ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ የሥራ ፈቃዱ ካለፈበት ዛሬ 35ኛ ቀኑ ነው። በቴሌግራም የላከልኝን የፈቃዱን ፎቶ ደጋግሜ አያለሁ፤ እናታችንም በየማታው «ምን አሉት?» ትለኛለች። ጓደኞቹ እስከ ናያጋራ ሄዶ ድንበሩን ተሻግሮ ቢመለስ እዚያው እንደሚያድሱለት ነግረውታል። ይሂድ ትላላችሁ?

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት
እህቴ፣ እባክሽ እንዳይሄድ ዛሬውኑ ንገሪው። ያ አሠራር ቀድሞ የነበረ ቢሆንም፣ ካናዳ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2024 ለይታ ከጠቀሰቻቸው ጥቂት ሰዎች በቀር ለሌላው አስቀርታዋለች፤ በዚያ ላይ ቆይታው ያለፈበት ሰው አንዴ ከወጣ የመመለስ ዋስትና የለውም። ያለው መንገድ፣ ሕጋዊ ቆይታው ካበቃበት ዕለት አንሥቶ በ90 ቀን ውስጥ፣ እዚያው ካናዳ ሆኖ፣ ቆይታው እንዲመለስለትና አዲስ ፈቃድ እንዲሰጠው ማመልከትና የሁለቱንም ክፍያ መፈጸም ነው።

መልስ፦ ከደብረ ሲና
የተባለው ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሥራው ነው፤ ፈቃዱ ሳያልፍ ያመለከተ ሰው ውሳኔ እስኪያገኝ በነበረበት ሁኔታ መሥራት ይችላል፣ ካለፈ በኋላ ያመለከተ ግን አዲሱ ፈቃድ እጁ እስኪገባ መሥራት የለበትም። አሁንም እየሠራ ከሆነ ያቁም። የፓስፖርቱንም ቀን ይይ፤ አዲሱ ፈቃድ ከፓስፖርቱ ዕድሜ አልፎ አይሰጥም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 55 ቀን ቀርቶታል ማለት ነው፤ አሁኑኑ እደውልለታለሁ።