«ጊፍት» ጀርመን ውስጥ መርዝ፣ ስዊድን ውስጥ ባለትዳር፤ ቃሉ አንድ ነው?

ጥያቄ (የፍራንክፈርቷ)
ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን በጽዳት ሥራ ላይ ነኝ። በደኅንነት ስልጠና «ጊፍት» የተጻፈበትን ዕቃ እንዳንነካ ተነገረን፤ መርዝ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የማውቀው ግን ስጦታ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ስቶክሆልም ያለችው እህቴ የሞላችውን ቅጽ ፎቶ ላከችልኝ፤ የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ቦታ፣ በዚያው ፊደል «ጊፍት» ላይ ምልክት አድርጋለች። ተሳስታ ይሆን? ሦስቱስ አንድ ቃል ናቸው ወይስ በአጋጣሚ የተመሳሰሉ? ልጄም ጠይቆኝ መልስ አጣሁለት።

የማልሞው
አልተሳሳተችም፣ ባለትዳር ከሆነች። ያላገባች ብትሆን «ኡዪፍት» የሚለውን ትመርጥ ነበር። እዚህ «ዪፍት» ተብሎ ይነበባል፣ በ«ጊ» አይደለም። መርዝም በዚያው ፊደል ይጻፋል፤ ስዊድኖች ራሳቸው ሲቀልዱበት አይጣል ነው! ሲበዛ ግን ይለያል፦ ባለትዳሮች «ዪፍታ»፣ መርዞች «ዪፍተር»።

በርሊን ነኝ
እህቴ፣ ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው። ግንዱ መስጠት ነው፤ በጀርመን «ጌበን»፣ በእንግሊዝኛ «ጊቭ»። ስለዚህ «ጊፍት» መነሻው «የተሰጠ ነገር» ነው፣ የእንግሊዝኛውም ትርጉም ከዚያው የመጣ ነው።

ወደ ጋብቻ የገባው ልጅን ለባል ከመስጠት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ወንዱ ለሚያገባት ሴት የሚከፍለው ማጫ ነበር፤ በብዙ ቁጥር ሲሆን ሠርግ ማለት ነው። ጀርመኖችም «ሚትጊፍት» የሚል ቃል አላቸው፣ ሙሽራዋ ከወላጆቿ ቤት ይዛው የምትሄደው ሀብት። ውስጡ መርዝ የለበትም፣ አሮጌው ትርጉም ተደብቆ የቀረበት ቦታ ነው።

የመርዙ ነገር የመጣው ከሐኪሞች ነው። ግሪኮች ለበሽተኛ የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን «ዶሲስ» ይሉታል፣ ቃል በቃል «መስጠት» ማለት ነው። ሐኪም ቤት «ዶዝ» የምንለው ይኸው ነው። ቃሉ በላቲን በኩል ሲመጣ ጀርመኖች በራሳቸው «ጊፍት» ተኩት። ከዚያ ለሚገድለውም መጠን መሸፈኛ ሆነ፤ መርዝ ብሎ በስሙ ከመጥራት «የተሰጠው» ማለት ይቀላል። እኛስ «የአይጥ መድኃኒት» እያልን አይደል የምንሸጠው? ቀስ በቀስ መርዙ ስጦታውን አባረረው፣ ስለዚህ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ስጦታ «ጌሸንክ» ነው። በዕቃው ላይ «ጊፍቲሽ» ካየሽም ያው «መርዛማ» ማለት ነው።

የሮተርዳሟ
ሆላንድ ደግሞ ሁለቱንም ይዘው በአንድ ፊደል ለይተዋቸዋል። «ኺፍት» ስጦታ ነው፣ በተለይ ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ፤ «ት»ው ሲወድቅ «ኺፍ» ይሆንና መርዝ ነው። ለማንበብ የኛ «ኽ» ትበቃለች። የግብር ቅጽ ላይ «ኺፍተን» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፣ የለገሳችሁትን ገንዘብ ነው የሚጠይቋችሁ።

የፍራንክፈርቷ
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ከዚያ በፊት መርዝን ምን ይሉት ነበር?

በርሊን ነኝ
«አይታር»። አይስላንዶች እስከ ዛሬ መርዝን «ኤይቱር» ይላሉ፣ ስዊድኖችም ለእባብ መርዝ «ኤተር» የሚል አላቸው። በጀርመን ግን «አይተር» ወርዶ የቁስል መግል ሆኗል፣ በደችም እንደዚያው። ለልጅሽ ይህን ጨምሪለት፦ እንግሊዞችም ድሮ «ጊፍት»ን እንደ ዛሬዎቹ ስዊድኖች በ«ዪ» ነበር የሚጠሩት። «ጊ»ን ያመጡላቸው ከሰሜን የመጡት ቫይኪንጎች ናቸው፤ ኋላ ስዊድኖቹ ራሳቸው ወደ «ዪ» ዞሩ።

የማልሞው
ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድን ውስጥ ልጅ የማይጠጣ ነገር ከጠጣ 112 ደውላችሁ «ዪፍትኢንፎርማሾን» በሉ፣ ከመርዝ ባለሙያዎች ጋር ያገናኟችኋል። ዕቃውን አጠገባችሁ ያዙ፣ ስሙን ይጠይቋችኋል።

በርሊን ነኝ
ጀርመንም የአደጋ ቁጥሩ 112 ነው። የመርዝ ምክር መስጫዎቹ «ጊፍትኖትሩፍ» ይባላሉ፤ የአካባቢያችሁን ቁጥር ፈልጋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።