በእጅ ተገጣጥሞ ለሚሠራ ትራክተር ምን ዓይነት ካምቢዮ ይሻላል?

የደምቢያው ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ብየዳ እሠራለሁ። ደምቢያ ያለውን የአባቴን ማሳ የሚያርስ ትንሽ ትራክተር ጀምሬያለሁ። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ 22 ፈረስ ጉልበት፣ ሙሉ ዙሩ በደቂቃ 2200። የኋላ አክስል ከነዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች ከሚያካፍለው ጥርስ ጋር) ከአሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር አግኝቻለሁ። ጎማው ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። የቸገረኝ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። አንድ የቶዮታ ፒካፕ ካምቢዮ ይበቃል? ወይስ በሰንሰለት ላድርገው? አፈሩ ዋልካ ነው።

ሻንሲ፦ ወንድሜ፣ አንድ ካምቢዮ አይበቃህም። ሒሳቡን እንየው። የፒካፕ አንደኛ ማርሽ ዙሩን ወደ 4 እጥፍ ይቀንሳል። ዲፈረንሻልህ የሚቀንሰው እጥፍ 5 ነው እንበል። ሲባዛ 20 ነው። ጎማህ አንዴ ሲዞር 2.5 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ በአንደኛ ማርሽ እንኳ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። እርሻ የሚፈልገው ከ3 እስከ 6 ነው። ማረሻው ዋልካ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ድርግም ይላል።

ሁለት ካምቢዮ በተርታ እሰር። ፊት የፒካፑን፣ ኋላ የአይሱዙን። ተራው እንዳይገለበጥ አደራ። ሞተርህ 7 ኪሎ ግራም ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል። የፊተኛው ካምቢዮ 4 እጥፍ ሲያደርገው ለኋለኛው 28 ይደርሰዋል። ያንን የፒካፕ ካምቢዮ አይችለውም፣ ጥርሱ ይረግፋል። የአይሱዙው አንደኛ ማርሽ 5 ገደማ ከሆነ ጠቅላላው 100 ለ1 ይመጣል። በፒካፑ አንደኛ በሰዓት 3.3፣ በሁለተኛ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ታርሳለህ። የአይሱዙውን ሦስተኛና ከዚያ በላይ ማርሾች ግን በብረት ዝጋቸው። በሁለቱም ከፍተኛ ማርሽ ከገባ ከ60 በላይ ይሮጣል፤ ያ ደግሞ ሰው ይገድላል።

የቶርኖው፦ ሻንሲ ልክ ነው፣ ግን «5 ነው እንበል» ብለህ ብረት አትቁረጥ። አክስሉን በክሪክ አንሳው። አንዱን ጎማ እንዳይዞር እሰረው። ሌላውን በእጅህ ድፍን ሁለት ዙር አዙር። የካርዳኑ (ካምቢዮውን ከአክስሉ የሚያገናኘው ዘንግ) ፍላንጅ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገህ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። ያ ቁጥር የዲፈረንሻልህ ነው።

ከሞተር ወደ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው) ደግሞ በቺንጊያ (በጎማ ቀበቶ) አድርገው። የፒካፑን ቩላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበትን ከባድ ክብ ብረት) በሁለት ኩሽኔታ ላይ በቆመ ዘንግ አስረህ ጫፉ ላይ ፑሌጃ (የቺንጊያውን መዘውር) ግጠምለት። ማረሻው ድንጋይ ሲመታ ቺንጊያው ተንሸራቶ ካምቢዮውን ያድነዋል።

የቆላድባ ገበሬ፦ ልጄ፣ ሰንሰለቱን ተወው። የኛ ጭቃ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው። በክረምት እዚያው ማሳው ላይ ያስቀርሃል። ሌላው፣ የሞተሩን 22 ፈረስ ሙሉ እንዳታስበው። የኛ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ አየር ያንሰዋል። 18 ገደማ ብለህ ያዝ። ባለ ሁለት ማረሻ ከማሰብ በአንድ ጀምር።

የደምቢያው ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ብቻውን ሲሽከረከር ሌላው ይቆማል። ዲፈረንሻሉን በይጄ ልዝጋው?

ሻንሲ፦ አትበይደው። ከተበየደ መዞር ያስቸግራል፣ አክስሉም ይጠማዘዛል። ፋብሪካ ትራክተሮች እንደሚያደርጉት የኋላ ፍሬኑን ለሁለት ክፈለው። ለግራ አንድ ፔዳል፣ ለቀኝ አንድ ፔዳል፣ እያንዳንዱ የራሱ የፍሬን ፓምፕ ይኑረው። የሚሽከረከረውን ጎማ ቀስ ብለህ ስትይዘው ጉልበቱ ወደ ሌላው ይሄዳል። አጭር መታጠፊያ ላይም ይረዳሃል። መንገድ ስትወጣ ግን ሁለቱን ፔዳሎች በብረት አያይዛቸው፤ በአንዱ ብቻ ከያዝክ ይገለብጥሃል።

የቶርኖው፦ ሞተሩን ከመበየድህ በፊት የሚዞርበትን አቅጣጫም እይ። ቺንጊያ አቅጣጫ አይቀይርም። ካምቢዮው መኪናው ላይ ሳለ ከሚዞርበት በተቃራኒ ከዞረ፣ የፊት ማርሾችህ በሙሉ ወደ ኋላ የሚሄዱ ይሆናሉ፣ ወደ ፊት የምትሄደው ከሁለቱ ካምቢዮዎች አንዱን የኋላ ማርሽ ስታስገባ ብቻ ነው። ያኔ ሞተሩን ፊቱን አዙረህ አስቀምጠው። ማረሻው የሚጎተትበትንም ነጥብ ከአክስሉ በታች አድርገው፤ ከላይ ከታሰረ ማረሻው ሲይዝ ፊቱ ተነሥቶ በላይህ ላይ ይወድቃል።