ገመድ የሚይዝልኝን አዲስ ልጅ በሩብ ሰዓት ምን ላስተምረው?

ቆራጩ ከማራኪ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ዛፍ ላይ ወጥቼ ከላይ እየቆራረጥኩ ማውረድ ነው። ጎንደር ውስጥ ሥራው አይጠፋም። በየግቢው ድሮ የተተከለ ባህር ዛፍ አለ። ቤቱ እየተስፋፋ ሄዶ ዛፉ ሥር ደርሷል። እንዲህ ያለውን ከሥሩ ገዝግዞ መጣል አይታሰብም። በአንድ በኩል ቆርቆሮ፣ በሌላ በኩል የጎረቤት አጥር፣ ከፊት የመብራት ሽቦ። ስለዚህ ከጫፉ ጀምሬ በገመድ እያወረድኩ ወደ ታች እመጣለሁ።

ዛፉ አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ከታች የሚቆመው ሰው ነው።

ቋሚ ረዳት የለኝም። አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ፣ ባጃጅ ገዝቶ ሄደ። እግዜር ይባርክለት። አሁን ጠዋት ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ የቀን ሠራተኛ ይዤ እሄዳለሁ። በማግስቱ ሌላ ሰው ነው። አለዚያ ደግሞ ባለቤቱ «የወንድሜ ልጆች አሉ፣ እነሱ ያግዙሃል፣ ለምን ብር ታወጣለህ?» ይለኛል።

ልጆቹ ዛፍ አያውቁም ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ከደምቢያና ከወገራ የመጡ ናቸው። በመጥረቢያ እኔን ያስንቁኛል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያው ከሚያውቁት ነው። እነሱ ዘንድ ዛፍ ከሥሩ ይመታል፣ ጫፉ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ «ሆ!» ብሎ ይጎትታል። እኔ ጋ ሲመጡም ገመድ ካዩ ይጎትታሉ። እኔ ደግሞ የምፈልገው ቀስ እያሉ እንዲለቁልኝ ነው። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲወዛወዝ ከታች ያለው ይደነግጥና ይስበዋል። ቅርንጫፉ ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል።

በቀደም አንዱ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ አገኘሁት። «እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው» አለኝ። ልጁ ከልቡ ነው፣ ሊያግዘኝ ፈልጎ ነው። ግንዱ ቢወርድ ኖሮ ይዞት ይወጣ ነበር።

በዚህ ላይ ቅጠል ለቃሚው አለ። ገና ቅርንጫፉ መሬት ሳይነካ የሰፈሩ ሰው ለምጣድ ማገዶ ብሎ ይገባል። የእኔ ረዳት ደግሞ አብሮ ይለቅማል! ባለቤቱም ዳር ቆሞ «አጣናውን እንዳታሳጥርብኝ» ይላል።

የሚቀጥለው ሥራዬ ከቤት ጀርባ ያለ ትልቅ ባህር ዛፍ ነው። ሁለት አዲስ ልጆች ይመጣሉ። ለአንድ ቀን ሰው ኮርስ አልሰጥም። ከመውጣቴ በፊት ያለችኝ ሩብ ሰዓት ናት። በእሷ ምን ላስተምር?

ጋሽ ወይራ

ልጄ፣ በአፍ አትንገራቸው። ገመዱን አስይዛቸው።

እኔ እንዲህ ነበር የማደርገው። ግማሽ ኩንታል የሚሆን ጉማጅ እፈልጋለሁ። ገመዱን ዝቅ ባለ ባላ ላይ አሳልፌ ጉማጁን አስርና ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ አደርገዋለሁ። ከዚያ «በል ያዘው» እላለሁ። በጓንት፣ በእጁ ብቻ። ይንቀጠቀጣል፣ ይንሸራተትበታል፣ ጉማጁም ዱብ ይላል። ቀጥሎ ገመዱን በግንዱ ሥር አንዴ አዙሬ አስይዘዋለሁ። ቀለል ይለዋል። ሁለቴ አዞርለታለሁ። ሦስተኛ ስጨምርለት በሁለት ጣቱ ይዞት ይስቃል። ከዚያ በኋላ አይከራከርህም። ጭነቱን የያዘው ግንዱ እንጂ ክንዱ እንዳልሆነ በእጁ አውቆታል። ወገቡ ላይም አይጠመጥምም፣ ምን ሊያደርግለት?

ከዚያ መልቀቅ ይለማመድ። ገመዱን ወደ ግንዱ እየመገበ ጉማጁን ቀስ አድርጎ መሬት ያስቀምጠው። ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግመው። ጎታችነቱ የሚወጣለት ያኔ ነው።

የቀረው አጭር ነው። ገመድ እጅ ላይ አይጠቀለልም። የተረፈው ገመድ እግሩ ሥር አይከመርም፤ ሲሮጥ ቁርጭምጭሚት ይዞ ይሄዳል። ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ ይራቅ፣ ከጭነቱ ሥር አይቁም። ጓንቱ የቆዳ ይሁን። ገመዱም ያ ሰማያዊው የፕላስቲክ ገመድ እንዳይሆን፤ ግንድ ላይ ሲፋተግ ይቀልጣል።

ካሩኮላ (ገመድ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ጎማ) ካለህ ለእነዚህ ልጆች አትጠቀምበት። ካሩኮላ ፍትጊያውን ያጠፋዋል፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ታች ሰው ይሄዳል። የሰቀልክበት ቅርንጫፍም የጭነቱን እጥፍ ያህል ይሸከማል። ገመዱ በባላ ሲያልፍ ግን ባላው ራሱ ያግዛል። ለጀማሪ ባላ ይሻለዋል።

አሁን ወደ አጣናው ልምጣ። ባለቤቱን ሒሳብ አሳየው። እርጥብ ባህር ዛፍ አንድ ሜትር ኩብ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ግንድ 250 ኪሎ ግድም ነው። ሁለት ኩንታል ተኩል በቆርቆሮው ላይ ተንጠልጥሎ ማለት ነው። ውፍረቱ 20 ሲሆን ግን በዚያው ርዝመት 63 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ክብደቱ ሩብ ይሆናል፣ ሰው ይህን አይገምትም። ስለዚህ አጣና ከፈለገ ከላይ ከቀጭኑ ይውሰድ። 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የ4 ሜትር አጣና 45 ኪሎ ቢሆን ነው። ወፍራሙን አንተ በፈለግከው ልክ አሳጥረው። አይሆንም ካለ ሌላ ሰው ይፈልግ።

ከታች የነበረው

እኔ ገመድ ያዥ ነበርኩ። አሁን ግንበኛ ጋ ነው የምሠራው። ከታች ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው፣ ልንገራችሁ።

ላይ ያለው ሰው ሞተር መጋዙን እያስጮኸ ያወራል። እኛ የምንሰማው «...ቀቅ!» ነው። ልቀቅ ይሁን አትልቀቅ እንዴት ልወቅ? ከዚያ ስድብ ይወርዳል። ሰው ሲሰደብ እጁ ይርበደበዳል። ደንግጦ የሚስበው ለምን ይመስላችኋል?

ለቆራጩ የምለው፦ መጋዙን ሳታጠፋ አትናገር። ከተቻለ ፊሽካ ያዝ። አንድ ፊሽካ ቁም ማለት ነው፣ ሁለት ቀስ እያልክ ልቀቅ። ሌላ አያስፈልግም። ልጁም ከታች እጁን አንሥቶ ይመልስልህ። ካልመለሰልህ አትቁረጥ። እሱም «ቁም» የማለት መብት እንዳለው ንገረው። አዲስ ልጅ ሽማግሌ ከሥር ሲያልፍ እያየ አፍሮ ዝም ይላል። እኔ አውቀዋለሁ።

ሁለቱንም ገመድ አታስይዝ። አንዱ ገመድ ይያዝ፣ እሱ ቅርንጫፍ አይጎትት፣ አይልቀም፣ ውሃ ሊያመጣ አይላክ። ሌላው ደግሞ ሰው ከሥር እንዳይገባ ይጠብቅ። ለገመድ ያዡ ትንሽ ብር ጨምርለት። ሥራው የተለየ እንደሆነ የሚገባው ያኔ ነው።

ጾም ከሆነም አስብበት። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላ ልጅ ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ ከባድ ግንድ አታስይዘው። ከባዱን ጠዋት ጨርስ፣ ከሰዓት ማገዶ ይፍለጥ።

ቆራጩ ከማራኪ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጉማጁን ነገር ወድጄዋለሁ። እኔ እስከ ዛሬ ገመዱን ጠምጥሜ እሰጣቸው ነበር እንጂ ሳይጠመጠም አስይዣቸው አላውቅም። ለካ ልዩነቱን ካልቀመሱት አይገባቸውም።

ከታች የነበረው፣ ስድቡን ተወው በለኛ! እውነትህን ነው። ግን ላይ ሆነህ እግርህ ሲዝል፣ ያ የተላጠው የባህር ዛፍ ግንድ ሲያንሸራትትህ፣ ከታች ደግሞ ልጁ ስልክ ሲያወራ ብታይ አንተም ትሳደባለህ። ፊሽካውን እገዛለሁ። ስልካቸውንም ሰብስቤ ለባለቤቱ እሰጣለሁ።

ቅጠል ለቃሚው ላይ ግን ማንም አልመለሰልኝም። ገመድ አጥሬ አይቻለሁ፣ ከሥሩ ጎንበስ ብለው ይገባሉ።

የቀሃዋ

እሱን ለእኔ ተወው። እኛ ግቢ ዛፍ ሲቆረጥ እኔ ነበርኩ ያስተባበርኩት።

ሰው የሚሻማው እንዳያልቅበት ፈርቶ ነው። አንተ ከልክለህ አታስቆመውም። ከመጀመርህ በፊት ቅጠሉ ለማን እንደሆነ ይነገር። ባለቤቱ በሩ ላይ ወጥቶ «ቅጠሉና ጭራሮው የሰፈሩ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ በር ላይ ይከመራል፣ እስከዚያ ማንም አይገባም» ይበል። የሰፈሩን አንዲት ትልቅ እናት ይጥሩና ክፍፍሉን ለእሳቸው ይስጡ። በር ላይ በርጩማ አድርገውላቸው ቡና ይቅረብላቸው። እሳቸውን አልፎ የሚገባ ልጅ የለም። ያንተ ገመድ ያላስቆመውን የእሳቸው ዓይን ያስቆመዋል።

ደግሞም በወር ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ አትጀምር። ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ይውላል፣ ሕጻናቱም አይጠፉም። ረዳቶችህም ቢመጡ ቅር እያላቸው ነው።

ባለ ካቦው

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። «ከፊት የመብራት ሽቦ» ብለህ አለፍከው። እሱን እንዲሁ አትለፈው።

ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው። መንገድ ዳር ከፍ ብሎ የሚሄደው 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። አዲስ ልጅ ሁለቱንም «ሽቦ» ነው የሚላቸው። ከመውጣትህ በፊት በጣትህ አሳየው። እርጥብ ቅርንጫፍና የረጠበ ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ቅርንጫፉ ሽቦ ከነካ ገመዱን አይንካ፣ አንተንም ልርዳ ብሎ አይጠጋ። ይራቅ፣ ሰው ያርቅ፣ ስልክ ይደውል። ይህን ጭራሽ አይጠብቀውም፣ ሰው በደመ ነፍስ ለመርዳት ነው የሚሮጠው።

ሌላው የእኛ አገር ጉድ፦ መብራት ሲጠፋ ባለቤቱ «አሁን ነው፣ ቶሎ ቁረጥ!» ይላል። አትስማው። የጠፋ መብራት ሳይነግርህ ይመጣል። መስመሩ እንዲቋረጥልህ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክት፤ መቋረጡን በቦታው ያለው ሠራተኛ ካላረጋገጠልህ አትውጣ።

«የወንድሜ ልጆች» ያልከውም ዕድሜያቸውን ጠይቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውም አደገኛ ሥራ ላይ አይሰማራም። በነጻ ነው የሚያግዙህ ቢባልም ግንድ ቢወርድባቸው የምትጠየቀው አንተ ነህ።

ቆራጩ ከማራኪ

አንዱ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እንግዲያው እሱ በር ላይ ከእማማ ጋር ይቀመጣል፣ ቡናም ያቀርባል። ሽቦውን ነገ ሄጄ አመለክታለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ግንዱ ሥር ሦስት ጊዜ ከተጠመጠመ ቀላሉ ቅርንጫፍ አይወርድም፣ አየር ላይ ቆሞ ይቀራል። ልጁ ደግሞ ያኔ ተናዶ ሁሉንም ጥምጥም ይፈታዋል ብዬ እፈራለሁ።

ጋሽ ወይራ

ትክክል ፈርተሃል። ለቀላሉ አንዴ ይበቃል፣ ለወፍራሙ ሦስት። ግን ስንት እንደሚሆን ልጁ አይወስንም። አንተ ከመቁረጥህ በፊት ከላይ ቁጥሩን ትነግረዋለህ፣ እሱ ጠምጥሞ በጣቱ ያሳይሃል። ጭነት ከተንጠለጠለ በኋላ ጥምጥም አይነካም። አልወርድ ካለ ገመዱን ወደ ግንዱ እየገፋ ይመግብ፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጭራሽ እንቢ ካለም ተንጠልጥሎ ይቆይ፣ አንተ ወርደህ ታየዋለህ። ማን ያስቸኩልሃል?