ለክልል ምክር ቤት የምትወዳደር የአእምሮ ጤና ተሟጋች ምን ቃል ትግባ?

ማቻከል፦ ሰላም ለሁላችሁ። በግሏ ለክልል ምክር ቤት ልትወዳደር ላሰበች የአእምሮ ጤና ተሟጋች የቅስቀሳ ጽሑፍ እያረቀቅን ነው። መጀመሪያው መስመር «ደብረ ማርቆስ ላይ የአእምሮ ሆስፒታል አስገነባለሁ» ይላል። ሰው እስከ አዲስ አበባ ድረስ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል እየተመላለሰ ነው። ይህ ቃል ያስኬዳል? ጸበል ቦታ መቀስቀስስ ይቻላል?

የበጀት ሰው፦ ሆስፒታሉን አውጡት። የምክር ቤት አባል በጀት ታጸድቃለች፣ የቢሮ ኃላፊ ትጠይቃለች እንጂ አትገነባም። ባሕር ዳር ላይ ለወረዳ የሚወርደው ጥቅል በጀት ይጸድቃል፤ ለጤና፣ ለትምህርትና ለግብርና የሚደለድለው ራሱ የወረዳው ምክር ቤት ነው። አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚሄድ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛው በብዛት ከውስጥ ገቢው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጥያቄዋን በሚያዝያና በግንቦት ካላስገባች፣ ከዚያ ወዲያ ጩኸት ብቻ ነው።

ፋርማሲ፦ እኔ ብሆን ቃሉን «ክኒኑ አይቆረጥም» አደርገው ነበር። ጤና ጣቢያ በየ2 ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ይሞላል፤ የክምችቱ ወለል የ2 ወር፣ ጣሪያው የ4 ወር ፍጆታ ነው። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። በ2 ወር 600 ፍሬ ሃሎፐሪዶል (የአእምሮ ሕመም ክኒን) የሚያወጣ ጤና ጣቢያ አንዱን ወር ሙሉ ባዶ ከዋለ ወረቀቱ ላይ 300 ይጻፋል። በእጥፍ ሲሰላ ጣሪያው 1200 መሆኑ ቀርቶ 600 ይሆናል። መድኃኒቱ ያልነበረበት ቀን ካልታሰበ እጥረቱ ራሱን ይወልዳል ማለት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥበት ደግሞ መንቀጥቀጡ አልቆም ብሎ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ጤና ቢሮውን «ሃሎፐሪዶል፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፌኖባርቢታልና የፍሉፌናዚን መርፌ ስንት ጤና ጣቢያ ላይ ስንት ቀን ጠፉ?» ብላ ትጠይቅ። በአእምሮ ጤና የሠለጠነው ነርስ ሲዛወር አገልግሎቱም አብሮት ይሄዳልና በየጤና ጣቢያው 2 ሰው እንዲሠለጥን ትጨምርበት።

ዘቢቸና፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅስቀሳ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የጸበሉም ግቢ ያው ነው። ብትሄድም ለቅስቀሳ አትሂድ። «ጸበሉን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ» ያለ ተወዳዳሪ ጎጃም ውስጥ ያኔውኑ አለቀለት፤ ደግሞም አያስፈልግም። የጤና ጣቢያው ነርስ ከጸበሉ አስተዳዳሪ ጋር ብትነጋገር ይሻላል። ለብዙ ሰው መድኃኒት የሚቋረጠው «ጸበል የገባ ክኒን አይነካም» ስለሚባል ነውና አባቶች ራሳቸው «ሁለቱም ይሁን» ቢሉ ይሰማሉ። ሰው ፊት ክኒን መዋጥ ለሚያፍር ሐኪሙ ከተስማማበት በየ2 እስከ 4 ሳምንት የሚወጋው የፍሉፌናዚን መርፌ ይቀልላል። በሰንሰለት የታሰረ ሰው ፎቶ ፖስተር ላይ እንዳታወጡ! ቤተሰብ ቢፈቅድም እንኳ። ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት በፊት ያሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ የሚቆምባቸው የጽሞና ጊዜ ናቸው፤ ድምፅ ማጉያውን ቀድማችሁ መልሱ።

ማቻከል፦ እግዜር ይስጥልን። ሆስፒታሉ ወጥቷል። የጤና መድን ደብተር ያለውስ ክኒኑ ጤና ጣቢያ ሲጠፋ?

ፋርማሲ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ገዝቶ ይመለሳል። የወረዳው ጤና መድን ከሌላ መድኃኒት ቤት ጋር ውል ካለው በማዘዣው ከዚያ ይወስዳል። ረቂቁን ሳትጨርሱ የወረዳችሁ ውል የትኞቹን መድኃኒቶች እንደሚሸፍን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ።