ያረጀው መንበረ ታቦት የት ይቀመጥ?

ጥያቄው፦ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከእንጨት የተቀረጹ የመካከለኛው ዘመን መናብርተ ታቦት (ታቦት የሚያርፍባቸው መቀመጫዎች) አሉ። አገልግሎት ያቆሙት ሙዚየም ይግቡ ወይስ እዚያው ይቆዩ?

ዲያቆኑ፦ እዚያው ነዋ! ሥጋ ወደሙ የተፈተተበትን፣ ምእመን እንኳ እጁን የማያሳርፍበትን መንበር ቱሪስት ከቦ ሰልፊ ሊነሳበት? በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉት ታቦታት ዛሬም ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። የሙዚየም ነገር ይቅርብን።

የሙዚየም ሠራተኛዋ፦ ዲያቆን፣ ዘረፋና ጥበቃን አታምታታ። ታቦቱን ማንም አልነካም። የማወራው ዕቃ ቤት ጥግ ስለተረሳው መንበር ነው። አንዳንዶቹ ላይ እኮ የንጉሥ ላሊበላ ስም በግዕዝ ተቀርጿል። ያንን ጽሑፍ ነቀዝ ከበላው ከየት ይመጣል?

አናጺው፦ እኔ ከዲያቆኑ ጋር ነኝ፣ ግን በሌላ ምክንያት። እንጨት የአየር ለውጥ አይችልም። ስንት መቶ ዓመት አለት ውስጥ በቅዝቃዜ የኖረውን አውጥታችሁ ደረቅ ክፍል ብትከቱት ይሰነጠቃል። ከአንድ ግንድ የተጠረበ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ስንጥቁ ቅርጹን ለሁለት ከፍሎት ይሄዳል። እዚያው ይሁን፣ ግን ከወለሉ ከፍ አድርጉት። እግሩ እርጥበት ከጠጣ ከሥር ይበሰብሳል። ከግድግዳም አርቁት። ቫርኒሽ እንዳትቀቡት ብቻ! ፊደሉን ይደፍነዋል።

ከዲሲ፦ ለምን አዋጥተን አዲስ አናሠራላቸውም? ያማረ፣ በወርቅ ቀለም የተጌጠ።

አናጺው፦ የኔ ወንድም፣ አሮጌውን ዕቃ ቤት የሚያስገባው እኮ ይሄው ነው። በዚያ ብር የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግኑ።

የሙዚየም ሠራተኛዋ፦ እሺ ጋሼ፣ ተረትቻለሁ፤ እዚያው ይቆይ። ግን ይመዝገብ። በአራቱም ጎን ፎቶ ይነሳ፣ ይለካ፣ ጽሑፉ ይገልበጥ።

ዲያቆኑ፦ ሌባ ምን እንዳለን በፎቶ አይቶ እንዲመጣ? አፍሮ አይገባ የሚባለውን መስቀል ረሳችሁት? በ1989 ዓ.ም. ከዚያው ከላሊበላ ተሰርቆ ውጭ አገር ተሽጦ ነው የተመለሰው።

የሙዚየም ሠራተኛዋ፦ አልረሳሁም። ነገ አንድ መንበር ውጭ ቢገኝ፣ ፎቶም ልኬትም ከሌለህ የእኛ ነው ብለህ በምን ትረታለህ? ካሜራውን አንተው ያዝ፣ ሌላ ሰው አይገባም።

ዲያቆኑ፦ ማንሳቱንስ አነሳለሁ። ፎቶው ማን እጅ ነው የሚቀመጠው? እሱን መልሺልኝ።