አስቸኳይ፦ ከመሃል ሲጠየቁ የሚጠፋባቸው የቁርኣን ደረሶች (ተማሪዎች)፣ ምልከታ እምቢ ያሉ ኡስታዞች

ጠያቂ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። በአዳሪ መድረሳ የትምህርት ክትትሉ በእኔ ላይ ነው። ዛሬ ድንገት ስንፈትን 15 ጁዝ (ከቁርኣን 30 ክፍሎች ግማሹን) በቃል ጨረሱ የተባሉት ደረሶች ከሱራው መጀመሪያ ሲሆን ይወርዱታል፤ ከመሃል ጀምረን «ቀጥል» ስንል ጸጥ። ነገ ሐልቃ (የቁርኣን ክፍል) ገብቼ ልይ ብል ኡስታዞቹ «ስለላ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ቅዳሜ ወላጆች ይመጣሉ። የምልከታ ፎርም ያላችሁ ቶሎ በሉልኝ!

አቡ ነጂብ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም። ቁርኣን የሚያስቀራን ሰው ፊቱ ተቀምጦ ስህተቱን መልቀም አደብ አይደለም። መጀመሪያ ኒያችሁን አስተካክሉ፣ በረካው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ዘኪ፦ ሙዲር (ኃላፊ) ደብተር ይዞ ሲገባ እንኳን ደረሳው ኡስታዙም ፋቲሓ ይጠፋበታል 😄 ፎርም አለኝ፣ እልካለሁ።

የክፍል ተመልካች፦ ፎርሙ ይቆይ። ከመግባትህ በፊት ከኡስታዙ ጋር 10 ደቂቃ ተቀመጥና ምን እንድታይለት እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ፤ የስህተት አስተራረም ይሁን የሰዓት አጠቃቀም፣ አንድ ነገር ብቻ። ስትገባ ያየኸውን ጻፍ እንጂ አትፍረድ። «ደካማ» አትበል፤ «ልጁ ቆመ፣ ኡስታዙ ወዲያው ነገረው፣ ልጁ ለማስታወስ ፋታ አላገኘም» በል። በዚያው ቀን ብቻችሁን ተነጋገሩበት። የደመወዝና የቅጥር ምዘና ከዚህ ጋር ከተቀላቀለ ግን ሁለተኛ በር አይከፍትልህም።

ኡሙ ሀፍስ፦ ጥፋቱ የኡስታዞቹ ነው ያለው ማን ነው? በአንድ ሐልቃ ስንት ልጅ እንዳለ እንኳ አልጻፍክም። 25 ልጅ በ2 ሰዓት ከሆነ ለአንዱ 5 ደቂቃ አይሞላም። አዲሱ ገጽ ተሰምቶ ሳያልቅ ሰዓቱ ያልቃል፣ ሙራጃዓው (የተያዘውን መከለሱ) ይዘለላል። 15 ጁዝ በመዲና ሙስሐፍ (በመዲናው የቁርኣን እትም) 300 ገጽ ገደማ ነው። በሳምንት አንዴ ለመዞር በቀን 43 ገጽ ይፈልጋል። ማን ሊያደምጠው?

አቡ ነጂብ፦ ድሮ አንድ ሸይኽ ስንቱን አስቀርቶ የለ!

ሙራጂዕ፦ እኅታችን ያለችው ትክክል ነው። ወንድሜ፣ እስከ ቅዳሜ አዲስ ሒፍዝ (በቃል መያዝ) አቁም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጥንድ ጥንድ አድርጋቸው፤ አንዱ ያሰማል፣ ሌላው ሙስሐፍ ከፍቶ ያርማል። ሁሌ ከገጹ አናት ስለሚጀምሩ ነው ከመሃል የሚጠፋባቸው፤ ከአምስተኛው ወይም ከአሥረኛው መስመር አስጀምራቸው። ስህተቱን ለይተህ መዝግብ፦ ረስቶ ከቆመ ሙራጃዓ ጎድሎታል። ወደ ሌላ ሱራ ከሄደ ሙተሻቢሃት (የተመሳሳይ አንቀጾች መምታታት) ነው። ለምሳሌ ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 58 ላይ «ወድኹሉል ባበ ሱጀደን ወቁሉ ሒጠቱን» ይላል፣ ሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 161 ላይ «ወቁሉ ሒጠቱን» ይቀድማል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰማት ነው መፍትሔው። ብዙ ልጆች አንድ ዓይነት የተጅዊድ (የቁርኣን አነባበብ ሕግ) ስህተት ከደጋገሙ ግን ያኔ የማስተማሩን ነገር ከኡስታዙ ጋር ተነጋገር። ለወላጅም «15 ጁዝ ሐፍዟል» ብለህ አትሸፍን። የቀራውንና ከመሃል ተጠይቆ የመለሰውን ለይተህ ንገራቸው፣ ሐቃቸው ነው።

ዘኪ፦ እኔም የምለው ይኸው ነው፣ ቀድመህ ከኡስታዙ ጋር ተቀመጥ። ፎርሙን ማታ እልካለሁ ኢንሻአላህ።

ኡሙ ሀፍስ፦ ጠያቂ፣ የሐልቃው ልጆች ስንት ናቸው? ከ12 ከበለጡ ጎበዝ ጎበዞቹን ረዳት አድርገህ ሙራጃዓውን ክፈል፤ አዲሱን ገጽ ግን ኡስታዙ ብቻ ያድምጥ።